የቡሌት ጆርናል ርዕስና ገጽ በእጅ ፊደል ስለማስጌጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ቡሌት ጆርናላቸውን (ሥራን፣ ቀጠሮንና ማስታወሻን በአጫጭር ምልክቶች የሚመዘግቡበትን ደብተር) በአማርኛ ለሚይዙ፣ ርዕሱንና የወር መክፈቻውን በገዛ እጃቸው ማሳመር ለሚፈልጉ የተዘጋጀ ነው። ልኬቶቹ በሙሉ ለኤ5 ደብተር (148 በ210 ሚሊ ሜትር) እና ነጥቦቹ በ5 ሚሊ ሜትር ለተራራቁበት ወረቀት የተሰሉ ናቸው። «ቤት» የምንለው በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን 5 ሚሊ ሜትር ነው።

ማስጌጥ የግድ ነው?

አይደለም። ዲዛይነሩ ራይደር ካሮል ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ሲያደርግ ጌጥ የሚባል ነገር አልነበረውም። ለሥራ ነጥብ፣ ላለቀ ሥራ ×፣ ወደ ሌላ ገጽ ለተሻገረ >፣ ለቀጠሮና ለክስተት ክብ፣ ለማስታወሻ ሰረዝ፤ በቃ። ጌጡ በኋላ በተጠቃሚዎች የመጣ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይያዙ፦ ርዕሱ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ሆኖ ካልተነበበ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራውን አልሠራም።

ለመጀመር ምን ምን ልግዛ?

ደብተር፣ አንድ ጥቁር ፋይንላይነር (ጫፉ ቀጭን የሆነ እስክሪብቶ)፣ አንድ ሃይላይተር፣ ኤችቢ እርሳስ፣ ነጭ ላጲስ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ። ሁለት ፋይንላይነር ከቻሉ አንዱ ለፊደሉ አጥንት 0.45 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው ለጥቃቅኑ 0.25 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በሳኩራ ማይክሮን እነዚህ 05 እና 01 ቁጥር ናቸው። ከኤችቢ የለሰለሰ እርሳስ ላጲስ ሲነካው ገጹን ያጠለሻል፣ የጠነከረው ደግሞ ወረቀቱን ስለሚቦረቡር ቀለም ከላዩ ሲሄድ ጎድጓዳው ይታያል። ባለ 36 ከለሩ ሣጥን ያጓጓል፤ ግን አንድ ገጽ ላይ ከሦስት ከለር በላይ ሲገባ ዓይን ማረፊያ ያጣል፣ ስለዚህ ገንዘቡን ለወረቀት ቢያውሉት ይሻላል።

ነጥብ ያለው ደብተር አጣሁ፤ ሳገኘውም ዋጋው አልቀመስ አለኝ። ሌላ መንገድ አለ?

አለ፤ ማሳተም። የነጥብ ፒዲኤፍ ይዘው በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ ዙሪያ ወዳሉት የፎቶ ኮፒና የኅትመት ቤቶች ይሂዱና መጀመሪያ አንድ ወረቀት ብቻ ያሳትሙ። ማስመሪያ አስቀምጠው 20 ቤት ይለኩ፤ ድፍን 100 ሚሊ ሜትር መምጣት አለበት። 96 ወይም 97 ከመጣ ማሽኑ «ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን» ተብሎ ስለታዘዘ ነው፤ በመቶ በመቶ መጠን እንዲያትሙ ይጠይቁ። ነጥቡ ግራጫ ይሁን፤ ጥቁር ነጥብ ከፊደሉ ጋር ይሻማል። ሌዘር ማሽን ይምረጡ፤ የኢንክጄት ቀለም በብዛት ውሃ ላይ የተሠራ ስለሆነ እርጥብ ማርከር ሲያልፍበት ነጥቡ ጭራ ያወጣል።

ወረቀቱን 100 ወይም 120 ግራም ያድርጉት። ተራው 80 ግራም ለፋይንላይነር ይበቃል፣ ለማርከር ግን ይሳሳል። 25 ኤ4 ወረቀት በሁለቱም ገጽ ታትሞ ለሁለት ሲታጠፍ 100 ገጽ ኤ5 ይወጣዋል። ሃያ አምስቱን በአንዴ አያጥፏቸው፤ የመሃሎቹ ወደ ውጭ ስለሚገፉ ጠርዙ ሲከረከም የመሃል ገጾች ይጠባሉ። አምስት አምስት አድርገው አጥፈው አምስት ጥራዝ ያውጡና አንድ ላይ ይስፉት። ስፓይራል ጥረዛ ይቀላል፣ ደብተሩም ተዘርግቶ ይተኛል፤ ጉዳቱ በግራ ገጽ ላይ ሲጽፉ ሽቦው መዳፍ ማሳረፊያ ይነሳል፣ ሁለት ገጽ አቋርጦ የሚሄድ ርዕስም መሃሉ ላይ ይቆረጣል።

የተማሪ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተርም ይሠራል። መስመሩ ጎልቶ ስለሚታይ ግን ቀጭን ፊደል ይውጥበታል፤ እዚያ ላይ ወፍራም ርዕስ ነው የሚያዋጣው።

ቀለሙ ወደ ጀርባ ያልፋል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። ከጀርባ ጥላው ብቻ የሚታይ ከሆነ ወረቀቱ ስስ ነው፤ በጀርባው ያለ ችግር ይጻፋል። ነጠብጣብ ሆኖ ከወጣ ግን ቀለሙ ራሱ ወረቀቱን በስቶ አልፏል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በአልኮል የሚሠራ ማርከር ሲሆን ነው። ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ማርከር ሁሉ ለደብተር አይሆንም፤ 120 ግራሙንም ያልፈዋል።

ያለዎትን እስክሪብቶና ማርከር ሁሉ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አንድ አንድ ሰረዝ ያስምሩ፣ ከጎኑ ስሙን ይጻፉ፣ በማግስቱ ገልብጠው ይዩ። አንድ ቦታ ላይ ሁለቴ ሦስቴ መደጋገም ውሃ ላይ የተሠራውንም ማርከር ያሳልፋል፤ ስለዚህ ሙከራው ላይ ሆን ብለው አንዱን ሰረዝ ይደጋግሙት። ያለፈበትን ገጽ ከሚቀጥለው ጋር በስቲክ ኮላ ማጣበቅ ይቻላል፤ ፈሳሽ ኮላ ገጹን ያጨማድደዋል።

የውጭ የካሊግራፊ ቪዲዮ ተከትዬ በአማርኛ ስሞክር ያስቀይማል። እጄ ነው ችግሩ?

እጅዎ አይደለም። በቪዲዮው ላይ የሚታየው ብራሽ ፔን (ጫፉ እንደ ብሩሽ የሚለጠጥ እስክሪብቶ) የቆመው በቅጥልጥል ፊደል ላይ ነው፦ ወደ ላይ ሲወጣ ቀጭን፣ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ያለ ማቋረጥ። የእኛ ፊደል አይቀጣጠልም፤ ወደ ላይ የሚወጣ ሰረዝም የለውም ማለት ይቻላል። ፊደሎቹን በግድ በጭራ ማያያዝ ሲጀመር የካዕብና የሣልስ ቅጥያ ከማያያዣው ጋር ይቀላቀላል፤ «ሉ» ይሁን «ሊ» መለየት ይቸግራል።

በቁም ጽሕፈት፣ ማለትም በብራና መጻሕፍት የእጅ ጽሑፍ፣ ውበቱን የሚያመጣው ወፍራም ቋሚና ቀጭን አግድም ነው። ይህ የመጣው ከመቃ ብዕሩ ነው፤ አፉ ጠፍጣፋ ተደርጎ ስለሚቆረጥ ወደ ታች ሲጎተት በሙሉ ወርዱ፣ ወደ ጎን ሲሄድ በጠርዙ ብቻ ይጽፋል። ስለዚህ ለአማርኛ ርዕስ አፈ ጠፍጣፋ ማርከር ከብራሽ ፔን ይሻላል፣ ተራ ሃይላይተርም በቂ ነው። የአፉን ሰፊ ጠርዝ ከመስመሩ ጋር ትይዩ አድርገው ይያዙና እስከ ቃሉ መጨረሻ በጣቶችዎ መካከል አያዙሩት። እጅ ሲደክም ማርከሩ ሳይታወቅ ይዞራል፣ ያኔ የቃሉ መጀመሪያ ወፍራም፣ መጨረሻው ግን ቀጭን ሆኖ ይወጣል።

የፊደሉ ቁመት የአፉን ወርድ አምስት ወይም ስድስት እጥፍ ይሁን። 2 ሚሊ ሜትር አፍ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ቁመት ይጽፋል፤ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የሃይላይተር አፍ ከ5 እስከ 6 ቤት ቁመት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ለወር መክፈቻ እንጂ ለዕለት ርዕስ አይሆንም። በዚያ አፍ በሁለት ቤት ወርድ «በ» ለመጻፍ ቢሞከር ሁለቱ እግሮች ብቻ አሥሩን ሚሊ ሜትር ይጨርሱና መሃሉ ይደፈናል።

አፈ ጠፍጣፋ ከሌለ በፋይንላይነር ማስመሰል ይቻላል። ፊደሉን በሦስት ቤት ቁመት በቀጭኑ ይጻፉ፤ ቋሚ ሰረዞቹን ብቻ ወደ ውስጥ በኩል 1.5 ሚሊ ሜትር ራቅ ብለው በሁለተኛ መስመር ይድገሙ፤ መሃሉን ይሙሉ። አግድሙን፣ ቅጥያውንና ቀለበቱን አይንኩ። ሁሉም ነገር ከወፈረ ፊደሉ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይከብዳል።

«ባ» እና «ቦ» ከሌሎቹ ጋር ይምታቱብኛል።

የእግር ጉዳይ ነው። «በ» ሁለቱም እግሮቹ እኩል ናቸው። «ባ» የግራ እግሩ ያጥራል፤ «ቦ» የቀኝ እግሩ። ፊደሉ ሦስት ቤት ከሆነ አጭሩ እግር ሁለተኛው ቤት ላይ ይቁም፣ ማለትም ልዩነቱ ሙሉ አንድ ቤት ይሁን። ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ እግሩ ሲወፍር ይጠፋል፤ «ግንቦት» «ግንበት» ሆኖ ይነበባል። የኃምስ ቀለበትም ውስጡ ክፍት መሆን አለበት፤ በወፍራም አፍ ከተሠራ ይደፈንና ሣልስ ይመስላል፣ «ሰኔ» «ሰኒ» ሆና ትቀራለች። ቀለበቱን ሁልጊዜ በ01 ይሥሩት።

ርዕሱን መሃል ላይ ለማድረግ አስቤ ስጀምር መጨረሻው ፊደል ቦታ ያጣል።

ፊደሎቻችን ወርዳቸው እኩል አይደለም። መ፣ ም፣ ሠ፣ ሐ፣ ጠ፣ ጨ ሦስት ቤት ይፈልጋሉ፤ ሰ፣ በ፣ ከ፣ ረ፣ ነ፣ ተ ሁለት ይበቃቸዋል። መጀመሪያ ይቁጠሩ። «መስከረም» ን እንውሰድ፦ 3 + 2 + 2 + 2 + 3 = 12 ቤት። በአምስቱ ፊደላት መካከል አራት ክፍተት አለ፤ እያንዳንዱ ግማሽ ቤት ቢሆን 2 ቤት ይጨመራል፣ ድምሩ 14 ቤት ወይም 70 ሚሊ ሜትር። በኤ5 ገጽ ላይ ዳርና ዳሩ ተትቶ 26 ቤት ይገኛል። 26 ሲቀነስ 14 አሥራ ሁለት ነው፤ ስለዚህ ከግራ 6 ቤት ተቆጥሮ ይጀመራል።

ክፍተቱ በቁጥር እኩል ሲሆን ለዓይን እኩል ላይመስል ይችላል። እግር ከእግር ጋር ሲጎራበት፣ ለምሳሌ «በለ» ላይ፣ ጠባብ ይመስላል፤ ክብ ከክብ ጋር ሲጎራበት ሰፊ ይመስላል። ለመጀመሪያው ክፍተቱን ወደ አንድ ቤት ያስፉ፣ ለሁለተኛው ከግማሽ ቤት በታች ያውርዱ። «የሚነበቡ መጻሕፍት» ዓይነቱ ረጅም ርዕስ ከ26 ቤት ካለፈ ፊደሉን አያጥብቡ፤ በሁለት መስመር ይጻፉት። በአንድ መስመር የሚሄዱ ሁለት ቃላት መሃል ሁለት ነጥብ (፡) በቀይ ማስገባት ክፍተቱን ይሞላል፣ መልኩም ያምራል።

ለፊደሉ ጥላ እንዴት ይሠራል?

ብርሃኑ ከላይ ከግራ ይመጣል ብለው ይወስኑና እስከ ደብተሩ መጨረሻ አይለውጡ። ከእያንዳንዱ ሰረዝ ቀኝና ግርጌ በኩል 1 ሚሊ ሜትር በቀላል ግራጫ ይድገሙ። በጥቁሩና በግራጫው መካከል ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር ከተተወች ፊደሉ ብድግ ይላል። የግራጫ ማርከሩ ጥቁሩን የሚነካ ከሆነ ጥቁሩ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ አለዚያ አፉ ይጠቁርና ከዚያ በኋላ ለሌላ ነገር አይሆንም።

ሐረግ መሳል ከባድ ነው?

ነጥብ ያለው ወረቀት ላይ በጣም ቀላል ነው፤ ቡሌት ጆርናልና ሐረግ የተፈጣጠሩ ይመስላል። ሐረግ በብራና መጻሕፍት ገጽ ራስጌ፣ ብዙ ጊዜም በዐምዶቹ መካከልና በዳር ወርዶ የምዕራፍ መክፈቻ የሚያስጌጥ የተጠላለፈ ጉንጉን ነው። የደብተር ርዕስ ላይ ለማስቀመጥ ሁለት ክር ያለው ጉንጉን ይበቃል።

ቁመቱ ሁለት ቤት፣ ወርዱ 24 ቤት የሆነ ሰቅ ይምረጡ፤ ሦስት ረድፍ ነጥብ አለው ማለት ነው፣ የላይ፣ የመሃልና የታች። በእርሳስ የመጀመሪያውን ክር ከላይኛው ነጥብ ይጀምሩና ሁለት ቤት ወደ ቀኝ ሄዶ የታችኛውን ነጥብ፣ እንደገና ሁለት ቤት ሄዶ የላይኛውን እንዲነካ እያደረጉ እንደ ማዕበል ይውሰዱት። ሁለተኛው ክር በተቃራኒው ከታች ይጀምራል። ክሮቹ በመሃለኛው ረድፍ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛው ቤት እያሉ እስከ 23ኛው ድረስ ይቋረጣሉ፤ 12 መገናኛ ይሆናል። አሁን እያንዳንዱን ክር ግራና ቀኙ 1 ሚሊ ሜትር በሆነ መስመር ወደ ሪባን ይለውጡ።

ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በመጀመሪያው መገናኛ የመጀመሪያው ክር ከላይ ይለፍ፣ በቀጣዩ ሁለተኛው፣ እንደገና የመጀመሪያው፤ ሁልጊዜ እየተፈራረቁ። በቀለም ከመድገምዎ በፊት በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ከላይ በሚያልፈው ክር ውስጥ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ ያድርጉ። አንዱ ክር ሁለቴ ተከታትሎ ከላይ ካለፈ ጉንጉኑ ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስለሚገለበጥ ማረም አይቻልም። በ01 መጀመሪያ ከላይ የሚያልፉትን ይዝጉ፤ ከሥር የሚያልፈው መስመር የላይኛው ጠርዝ ላይ ደርሶ ይቁምና ከማዶ ይቀጥል። ሲደርቅ እርሳሱን ያጥፉ።

ቀለሙ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ፣ ሲፈለግም ሰማያዊ ግራጫ ነው። በክሮቹ መሃል የቀሩትን ዓሣ መሰል ክፍት ቦታዎች በጥቁር መሙላት አይርሱ፤ ጉንጉኑን ከወረቀቱ የሚያነሳው እሱ ነው። ለማዕዘን ደግሞ ክሩን ለማጠፍ አይታገሉ። ሁለት በሁለት ቤት የሆነ ካሬ ያስቀምጡ፣ ውስጡ መስቀል ወይም አበባ ይሥሩ፣ ሰቆቹ ካሬው ጋ ይቁሙ።

ከሐረግ ሌላ ለሠንጠረዥ የሚሆን የቆየ ሐሳብ አለ፤ በጥንታዊው የብራና መጽሐፍ፣ በአባ ገሪማ ወንጌል ላይ፣ የወንጌላት ማነጻጸሪያ ሠንጠረዦች በዓምድና በቅስት ውስጥ ነው የተቀመጡት። የወጪ መመዝገቢያዎን ወይም የመጻሕፍት ዝርዝርዎን በሁለት ዓምድና በአንድ ቅስት ቢያቅፉት ሠንጠረዡ ገጹ ላይ ተንሳፍፎ አይቀርም።

ቀይ የት ላድርግ?

በትንሹ። በብራና ላይ ቀይ የሚገባው ለመክፈቻው መስመሮችና ለቅዱሳን ስም ነው፤ የቀረው ጥቁር ነው። ደብተር ላይ ለርዕሱና በቀኑ ውስጥ ሊረሳ ለማይገባው አንድ ነገር ያውሉት። አምስት ሥራ በቀይ ከተጻፈ አንዱም ጎልቶ አልታየም ማለት ነው።

የወር መክፈቻ ገጽ ስሠራ በየወሩ አዲስ ሠንጠረዥ ማስላት አለብኝ?

የለብዎትም፤ እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ያግዛል። አሥራ ሁለቱ ወራት ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ እያንዳንዱ ወር ካለፈው ሁለት ቀን ገፋ ብሎ ይገባል። የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነው፤ ጥቅምት ቅዳሜ፣ ኅዳር ሰኞ እያለ ይሄዳል። ከሰባት ወር በኋላ ዞሮ ይገጥማል፦ መስከረምና ሚያዝያ፣ ጥቅምትና ግንቦት፣ ኅዳርና ሰኔ፣ ታኅሣሥና ሐምሌ፣ ጥርና ነሐሴ በአንድ ቀን ይገባሉ። መጋቢት ብቻውን ነው፤ የካቲትና ጳጉሜን በአንድ ቀን ይገባሉ። ስለዚህ ሰባት ሠንጠረዥ በወፍራም ወረቀት ላይ አስልቶ ማስቀመጥና ሁለቴ መገልበጥ ይቻላል። ጳጉሜን 5 ስትሆን አዲሱ ዓመት በአንድ ቀን፣ 6 ስትሆን በሁለት ቀን ይገፋል፤ 2019 በዓርብ ይገባል፣ በዚያው ዓመት ጳጉሜን 6 ስለምትሆን 2020 በእሑድ ይገባል።

እያንዳንዱን ቀን ሦስት ቤት ወርድ፣ አራት ቤት ቁመት ይስጡት፤ ሰባቱ ቀናት 21 ቤት ይወስዳሉ፣ በ26ቱ ውስጥ ይመቻል። ሳምንቱ በሰኞ ከጀመረ አምስት ረድፍ ለሁሉም ወር ይበቃል፤ በእሑድ ለሚገባ ወር ብቻ ስድስት ረድፍ ያስፈልጋል። በ2019 እነዚህ ጥቅምትና ግንቦት ናቸው፤ ርዕሱን አንድ ረድፍ ከፍ አድርገው ይጀምሩላቸው። የቀናቱ ራስጌ ሰ፣ ማ፣ ረ፣ ሐ፣ ዓ፣ ቅ፣ እ ተብሎ በአንድ ፊደል ይበቃል፣ አይምታታም። ወራትን በዳር ትር ሲያሳጥሩ ግን ሁለት ፊደል ይጻፉ፤ መስከረምና መጋቢት፣ ጥቅምትና ጥር በአንድ ፊደል ይጀምራሉ።

የመሥሪያ ቤት ቀጠሮ በፈረንጅ ቀን ከሆነ ያንን ቀን በእያንዳንዱ ሣጥን ታች ቀኝ ማዕዘን በ01 በግራጫ ይጻፉት። ሁለቱን በአንድ መጠን መጻፍ ቀጠሮ ያስታል።

የልማድ መከታተያ በክብ መሥራት እፈልጋለሁ። ክቡን እንዴት እከፋፍላለሁ?

360 ዲግሪ ለ30 ቀን ሲካፈል ድፍን 12 ነው። ከተማሪ የሒሳብ መሣሪያ ሣጥን ኮምፓስና ፕሮትራክተር ይውሰዱ። ከአንድ መሃል ከ20 ሚሊ ሜትር ጀምሮ በየ5 ሚሊ ሜትሩ እስከ 45 ሚሊ ሜትር ስድስት ክብ ይሥሩ፤ በመካከላቸው አምስት ቀለበት ይገኛል፣ ለአምስት ልማድ ማለት ነው። በየ12 ዲግሪው ከውስጥኛው ክብ እስከ ውጭኛው ያስምሩ፤ መስመሩን እስከ መሃል ነጥብ ካስገቡት መሃሉ ይጠቁራል። በውጭኛው ቀለበት እያንዳንዱ ቀን ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ያህል ወርድ ያገኛል፣ በውስጥኛው አራት ገደማ ብቻ፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ የሚሠራውን ልማድ ውስጥ፣ የየቀኑን ውጭ ያድርጉ። ፕሮትራክተር ከሌለ ኮምፓሱን በክቡ ሬዲየስ ልክ ከፍተው ዙሪያውን ሲረግጡ ስድስት ነጥብ ይወጣል፤ እያንዳንዱን ለአምስት ይክፈሉ። ለጳጉሜን በየ72 ዲግሪ፣ ስድስት ቀን ስትሆን በየ60።

ኮምፓሱ ከሥር ያለውን ገጽ እንዳይበሳ ወፍራም ካርቶን ከገጹ በታች ያስገቡ።

የግዕዝ ቁጥር ልጠቀም?

ለቀን ቁጥር በጣም ያምራል፤ እስከ ሠላሳ ድረስ ከሁለት ምልክት የሚበልጥ የለም፣ ዜሮም ስለሌለ ፲፣ ፳ እና ፴ አንድ አንድ ምልክት ብቻ ናቸው። ቁመቱ ከ4 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ከዚያ ካነሰ የላይና የታች ሰረዙ ከቁጥሩ ጋር ይጣበቃል። ሁለት ምልክት ሲጎራበቱ ሰረዞቻቸውን ያገናኙ። ፮ እና ፯ በቀላሉ ይምታታሉ፤ መጀመሪያ በሌላ ወረቀት ላይ ይለማመዷቸው። ዓመቱን በወር መክፈቻ ላይ ፳፻፲፱ ብሎ መጻፍ ይቻላል። ለገጽ ቁጥርና ለማውጫ ግን ተራውን ቁጥር ይጠቀሙ፤ በችኮላ ሲፈልጉ ፍጥነት ያስፈልጋል።

ለየወሩ ምን ልሳል?

የበዓላቱን ቀን አስቀድሞ ማወቅ ቦታ ለመተው ይጠቅማል፦ መስከረም 17 መስቀል፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ነሐሴ 13 ቡሄ። ለመስከረም አደይ አበባ ሁሉም ሰው ይስላል፣ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ሱፍ አበባ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱ መሃሉ ሲበዛና ቅጠሉ ሲበረክት ነው። መሃሉን 3 ሚሊ ሜትር ክብ ያድርጉ፤ ስምንት ቅጠል፣ መጀመሪያ አራቱን በመስቀል፣ ከዚያ አራቱን በመሃላቸው፤ እያንዳንዱ 7 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይኑረው፣ ጫፉ ላይ ጠበብ ይበል። ቢጫውን መጀመሪያ ቀብተው ሲደርቅ በጥቁር ይክበቡት። ተቃራኒውን ካደረጉ የቢጫው ማርከር አፍ ጥቁር ይጠጣና ከዚያ ወዲያ የሚጽፈው ጭቃ ነው። ማታ በቢጫ አምፖል ሥር ቢጫ አይቀቡ፤ የተቀባውና ያልተቀባው አይለይም።

ገጹን እንደ ብራና ማጠየም ይቻላል?

በደብተሩ ላይ አይሞክሩት፤ ይጨማደዳል። 120 ግራም ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ሌላ ወረቀት ላይ ጠንካራ ሻይ በስፖንጅ ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ይድረቅ፣ ይድገሙ። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ወፍራሙ ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ጥቁር ክብ ይተዋል። ሻዩ ስኳር አይኑረው፣ ይጣበቃል፤ ጉንዳንም ይጠራል። ሲደርቅ በጨርቅ ሸፍነው ለብ ባለ ካውያ ይተኩሱት፣ ከዚያ ይጻፉበትና በስቲክ ኮላ ይለጥፉ።

ተሳሳትኩ። ፍሉድ ልቀባ?

ባይሆን ይመረጣል። ፍሉድ ደብተሩ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ በላዩ ላይም ፋይንላይነር ይንሸራተታል። ከዚያው ወረቀት ቁራጭ ይቁረጡ፣ ነጥቦቹ እንዲገጥሙ አስተካክለው ይለጥፉ፤ ነጥቡ ከገጠመ ቁራጩ እምብዛም አይታወቅም። ፊደሉ ትንሽ ከሆነ ስህተቱ በማወፈር ይዋጣል፤ ሙሉ ቃል ከሆነ በርዕሱ ቦታ ጥቁር ሰቅ ይሙሉና በነጭ ጄል እስክሪብቶ ከላይ ይጻፉበት። ጥቁሩ ካልደረቀ ነጩ ግራጫ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ በስሱ መድገም ያስፈልገዋል።

በክረምት ቀለሙ አይደርቅልኝም፤ ይዛመታል።

ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ወረቀቱ ራሱ እርጥበት ይይዛል። ፋይንላይነር ሁለት ደቂቃ፣ ጄል አሥር ደቂቃ ይጠብቅ፤ ላጲስ ከዚያ በኋላ ይንካው። መዳፍዎ ሥር ንጹሕ ወረቀት ያኑሩ፤ ላቡ ቀለሙን ያንቀሳቅሳል። ሃይላይተር ከጽሑፍ በፊት ይቀባ። ደብተሩን ከግድግዳው ርቆ፣ ከባድ መጽሐፍ ተጭኖበት ቢያድር ገጾቹ አይጠቀለሉም።

ታኅሣሥ ልበል ታህሳስ? ሐምሌ ወይስ ሀምሌ?

አንዱን መርጠው በማውጫው ላይ ይጻፉና ዓመቱን ሙሉ በእሱ ይሂዱ። ለጌጥ ከሆነ «ኅ» እና «ሣ» መልካቸው ከ«ህ» እና ከ«ሳ» የተሻለ ቦታ ይሞላል።

እውነተኛ ሐረግና ቁም ጽሕፈት አዲስ አበባ ውስጥ የት ማየት እችላለሁ?

ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) የብራና መጻሕፍት ስብስብ አለው። ስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም በብራናና በሥዕል ስብስቡ የታወቀ ነው። ሲያዩ ሦስት ነገር ይለኩ፦ ሰቁ ከጽሑፉ ዐምድ ጋር በወርድ እንዴት እንደሚገጥም፣ ከሰቁ ሥር ስንት መስመር ክፍት እንደተተወ፣ የፊደሉ ቁመት በወፍራሙ እግር ወርድ ሲካፈል ስንት እንደሚመጣ። እነዚህን ይዞ መመለስ ከፎቶ ይበልጥ ለደብተር ይጠቅማል።

የሠራሁትን ገጽ ፎቶ ሳነሳ ቢጫ ይሆንብኛል።

አምፖሉን ያጥፉ። ጠዋት ከመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማትመታበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ስልኩን ከገጹ ጋር ትይዩ አድርገው ከ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ያንሱና ጠርዙን ይከርክሙት። ቀርበው ካነሱ ዳር ያሉት ፊደሎች ይጎብጣሉ።